ቅቤው ሲቀነስ የአጃ ኩኪስ ለምን እንደ ዳቦ ይሆናል?

እናት_ጓዳ
ሰላም ለሁላችሁ። የአጃ ኩኪስ ቅባቱን ቀንሼ መጋገር ፈልጌ ነው። መነሻዬ፦ የተዳመጠ አጃ (በካርቶን የሚሸጠው) 150 ግራም፣ የፉርኖ ዱቄት 120 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 115 ግራም፣ ስኳር 140 ግራም፣ አንድ እንቁላል፣ ቤኪንግ ሶዳ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ዘቢብ 60 ግራም፣ ጨውና ቀረፋ። ቅቤውን በሙሉ አውጥቼ በእኩል ክብደት የተፈጨ ሙዝ ስተካው ሊጡ ትሪው ላይ አይዘረጋም፤ እንደተቀመጠ ጉብ ብሎ ይበስላል። ሲነከስ እንደ ጎማ ይሳባል፣ በማግስቱ ላዩ ረጥቦ ይጣበቃል። የምጋግረው አዲስ አበባ ነው፣ በኤሌክትሪክ ኦቭን፣ 180 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ። ቅቤው እስከ ስንት ቢቀነስ ነው ኩኪስነቱ የማይጠፋው? ለጾምስ እንዴት ይስተካከላል?

የሚዛን_ሰው
እህቴ፣ መጀመሪያ ውሃውን አስልተሽ እዪው። የገበታ ቅቤ 80 በመቶ ያህሉ ቅባት፣ 16 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። 115 ግራም ቅቤ ወደ ሊጡ የሚያስገባው ውሃ እንግዲህ 18 ግራም ቢሆን ነው። ሙዝ ግን ሦስት አራተኛው ውሃ ነው፤ 115 ግራሙ 86 ግራም ውሃ ይዞ ይገባል። ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ውሃ ገባ፣ ቅባቱ ወጣ። ቅባት የዱቄቱን ፕሮቲን እየሸፈነ ግሉተኑ (ሊጡን እንደ ጎማ የሚያስበው ፕሮቲን) እንዳይያያዝ ያደርግ ነበር። እሱ በሌለበት ዱቄትና ውሃ ሲታሹ የዳቦ ሊጥ ይሆናል፣ የሚሳበው ለዚህ ነው። አለመዘርጋቱም ከዚያው ይመጣል፦ ቅቤ ገና ኦቭኑ ሲሞቅ ቀልጦ ሊጡን ይለቀዋል፣ ሙዝ የሚቀልጥ ነገር የለውም። አጃው ደግሞ የተረፈውን ውሃ መጥጦ ያብጣል።

ከግማሽ በታች ባትወርጂ እመክራለሁ። ቅቤ 55 ግራም አድርጊና በቀረው ቦታ 50 ግራም ተቀቅሎ የተፈጨ አፕል አስገቢ። አፕሉን ዝም ብለሽ አትጨምሪው፤ 100 ግራም የተፈጨውን በመጥበሻ እያማሰልሽ ግማሹ እስኪቀር አትኚው። ማንኪያው ያለፈበት መስመር ወዲያው ካልተደፈነ ደርሷል። በዚህ መጠን 24 ኩኪስ ይወጣል፤ የአጃውም የእንቁላሉም ቅባት ተቆጥሮ አንዱ 2.5 ግራም ቅባት ይይዛል። በሙሉ ቅቤ 4.5 ግራም ነበር።

ስኳሩን ግን አብረሽ አትቀንሺ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቅቤ ሲያንስ ሊጡን የሚያቀልጠውና ጠርዙን የሚያደርቀው ስኳሩ ነው። 100 ግራም ቡናማ፣ 40 ግራም ነጭ ይሁን። ቡናማ ከጠፋ ነጩን 125 አድርገሽ 15 ግራም ማር ጨምሪ፤ ከዚያ በላይ ማር በማግስቱ እርጥበት እየሳበ ያጣብቃል።

አሠራሩ፦ ቅቤውን በትንሽ ድስት አቅልጪና አረፋው በርዶ ከታች ያለው ዝቃጭ ቡናማ ሲሆን፣ የለውዝ ሽታ ሲሸት አውጪው። ቅቤው ትንሽ ስለሆነ ጣዕሙን ማጉላት የሚቻለው እንዲህ ነው። አጃውንም በደረቅ ምጣድ አምስት ደቂቃ አመስ አመስ አድርጊው። ቅቤው ለብ ሲል ስኳሩን፣ አፕሉንና እንቁላሉን በደንብ ምቺ። ዱቄት፣ ሶዳ፣ ጨውና ቀረፋ ለብቻ ነፍተሽ ጨምሪና ነጩ ዱቄት ሲጠፋ አቁሚ፤ ከዚያ ወዲያ ማሸት ወደ ዳቦው ይመልስሻል። አጃና ዘቢብ መጨረሻ ላይ። ሊጡ 20 ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ 26 ግራም ገደማ እያደረግሽ በማንኪያ ጀርባ 1 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ጠፍጥፊው። ቅቤው ያነሰ ኩኪስ ራሱን አይዘረጋም፣ ስትጋግሪ የሚኖረውን ቅርጽ አንቺ መስጠት አለብሽ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለወጥ የተነጠረ ቅቤ ለዚህ አይሆንም። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ይቀድማል፣ ደግሞ ከሞላ ጎደል ንጹህ ቅባት ስለሆነ ሒሳቡም ይበላሻል። «ላይት» የሚባለው ማርጋሪንም አይሆንም፣ ቅባቱ የተቀነሰው በውሃ ተተክቶ ነው።

ደጋ_ላይ_ጋጋሪ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የቀረው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ውሃ እዚያ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ የሶዳው ጋዝ የበለጠ ይሰፋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሚለው መጠን ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው፤ የሻይ ማንኪያው አንድ ሦስተኛ ይበቃዎታል። ሲበዛ ጉብ ብሎ ይነሳና መሐሉ ይወድቃል፣ የሳሙና ጣዕምም ይተዋል። ጨርሰው እንዳያወጡት ግን፤ ለመቅላቱ የሚረዳው እሱ ነው።

15 ደቂቃው በዝቷል። 180 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 11 ደቂቃ ይበቃል። ጠርዙ ሲይዝ፣ መሐሉ ገና ለስላሳና ያልበሰለ ሲመስል ያውጡትና ትሪው ላይ 5 ደቂቃ ይተዉት፣ በዚያው ሙቀት ይጨርሳል። እስኪቀላ ከጠበቁት ደርቋል፤ ቅቤ ያነሰው ኩኪስ እንደ ሙሉ ቅቤው አይቀላም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ኦቭኖች ቁልፉ ከሚያሳየው በ15 ወይም 20 ዲግሪ ሊርቁ ይችላሉ፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር በሁለት ፍሬ ብቻ ይሞክሩት። የላዩ ብረት ፍም ሆኖ የሚታይበት ኦቭን ከሆነ ትሪውን አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ።

እንቁላሉንም ይመዝኑ። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከነቅርፊቱ 40 ግራም ገደማ ነው፣ የፈረንጁ እስከ 60 ይደርሳል። እዚህ የሚፈለገው ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ነው። የሐበሻ ከሆነ አንድ ሙሉ ጨምረው የሁለተኛውን ነጭ ብቻ እስከ 50 ይሙሉ፤ የእንቁላል ቅባት ያለው አስኳሉ ውስጥ ስለሆነ ነጩ ሒሳቡን አያዛባም።

ተልባ_በቤት
ለጾሙ፦ በ55 ግራም ቅቤ ፋንታ 45 ግራም ዘይት። ዘይት ሙሉ በሙሉ ቅባት ስለሆነ በእኩል ክብደት መተካት ስህተት ነው። ለእንቁላሉ አንድ የሾርባ ማንኪያ (7 ግራም) የተፈጨ ተልባ በ45 ግራም ውሃ በጥብጠሽ እስኪያያዝ 10 ደቂቃ አቆዪው። ተልባው ራሱ 3 ግራም ያህል ቅባት አለው፣ ብዙ አይደለም። ውሃ ስለጨመርሽ የአፕሉን መጠን ወደ 30 ግራም አውርጂ። ነጭ ስኳር ብቻ ከተጠቀምሽ ሶዳው የሚሠራበት ኮምጣጣ ነገር ስለሚያንስ አንድ የሻይ ማንኪያ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ጣል አድርጊበት። የዘይት ሊጥ ለስላሳ ነው፣ እረፍቱን 30 ደቂቃ አድርጊው።

እናት_ጓዳ
እግዜር ይስጥልኝ። በአፕሉ ፋንታ ዱባ ይሆናል? የተዳመጠው አጃ ሲጠፋስ የገበያውን አጃ መጠቀም ይቻላል?

የሚዛን_ሰው
ዱባ ይሆናል፣ ቀለሙም ያምራል። አትቀቅዪው፣ ኦቭን ውስጥ ጠብሰሽ ፍጪው፤ የተቀቀለው ውሃ ጠጥቶ ይመጣል። ጣፋጭነቱ ከአፕል ስለሚያንስ 10 ግራም ስኳር ጨምሪ።

በገበያው አጃ ጉዳይ ሁለቱን ለዪ። ለአጥሚት ተቆልቶ የተፈጨው ዱቄት ነው፣ አጃውን በሙሉ በእሱ ከተካሽ ኩኪሱ ይፈረፈራል፤ ከ150ው 40 ግራሙን ብቻ ብትተኪ ሽታው በጣም ደስ ይላል። የቅንጬው ክክ ደግሞ በ11 ደቂቃ አይበስልም፣ ጥርስ ላይ እንደ ጠጠር ይቀራል። ያለው እሱ ብቻ ከሆነ የፈላ ውሃ አፍስሰሽ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው፣ በወንፊት አጥልለሽ በንጹህ ጨርቅ ጨምቂውና አፕሉን ሙሉ በሙሉ ተዪው፤ ውሃውን ክኩ ይዞ መጥቷል።

ስለ መጣበቁ፦ በሽቦ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ ዕቃ ውስጥ አትክደኚው። ፍራፍሬ የገባበት ስለሆነ ከ2 ቀን በላይ ውጭ አይቆይም። ሊጡን ጠፍጥፈሽ ፍሪዘር ማስቀመጥ ይሻላል፤ ከነበረዶው አስገቢና 2 ደቂቃ ጨምሪበት።