ጥቆማ፦ ከጣቃ ካርቶን የዕቃ ማስቀመጫ ቅርጫት ለመሥራት፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ምን ከየት?

"ካርቶኑን ከየት ታመጫለሽ? ማን ይቆርጥልሻል? በምን ታጣብቂዋለሽ?" የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው። ቅርጫቱ ጨርቅ የሚጠቀለልበትን ቱቦ መሳይ ካርቶን ቆራርጦ፣ ቁራጮቹን አቁሞ በክብ ጎን ለጎን በማጣበቅና ከታች ጣውላ በመግጠም የሚሠራ ነው። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሳምንት አይሆንም። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልበል፦ ካርቶኑ ላይ ብር አታውጡ። ያላችሁን ለኮላውና ለታቹ ጣውላ አድርጉት፣ ቅርጫት የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው።

ካርቶን። አንደኛ የምጠቁመው ጨርቅ በሜትር የሚሸጡትን ነው፤ ፒያሳም ሰኞ ገበያም አሉ። ጣቃው ተሸጦ ሲያልቅ መሐሉ ላይ የሚቀረውን ካርቶን ከበር ጀርባ ያቆሙታል፣ ሲበዛባቸው ይጥሉታል። ጠዋት ደንበኛ በተሰበሰበበት ሰዓት ብትሄዱ ማንም አይሰማችሁም። ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል "ጋሼ፣ ባዶ ካርቶን አለ?" በሉ፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ገላገልሽኝ ነው የሚሉት። ወረቀቱ በጠመዝማዛ እየተደራረበ በሙጫ የተጠቀለለ ስለሆነ አቁማችሁ ብትጫኑት ንቅንቅ አይልም። ስትመርጡ ጫፍ ጫፉን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፤ ገባ ካለ እርጥበት በልቶታል፣ ተዉት።

የፕላስቲክ ምንጣፍ ሻጮች ጋ ያለው ሰፋ ያለ ነው፤ ለጫማና ለተጠቀለለ ነጠላ ይመቻል፣ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ባነር የሚያትሙ ቤቶች የሚጥሉት ቀጠን ያለና ንጹህ ነው፤ ለእርሳስ፣ ለመቀስ፣ ለማበጠሪያ። የሶፍቱን ካርቶን ለልጆች መጫወቻ ተዉላቸው።

"ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሞልቶ የለም ወይ?" ላላችሁኝ፦ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። ግን እዚያ ያለው ዕቃ በጉምሩክ ቁጥጥር ስር ስለሆነ እንዲሁ በር ላይ ሄዶ "ካርቶን ስጡኝ" የሚባልበት ቦታ አይደለም። ከተማው ውስጥ ያሉት ልብስ ሰፊዎችና ጨርቅ ቤቶች ይበቁናል።

አቆራረጥ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ቁመቱ ከተዛባ ቅርጫቱ ይንገዳገዳል። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ካርቶን 15፣ 15 ሳንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ 16 ቁራጭ በክብ ብትደረድሩ ውስጡ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይሆናል። አንድ ሜትር ከሃምሳ ከሚሆን ካርቶን፣ መጋዙ የሚበላውን ስትቀንሱ 9 ቁራጭ ይወጣል፤ ስለዚህ ሁለት ካርቶን ለአንድ ቅርጫት በቂ ነው። 12 ቁራጭ ከሆነ ውስጡ ወደ 14 ይጠባል፤ ለስኒ ካልሆነ ለሌላ አልመክርም።

አናጺ ቤት በማሽን ያስቆረጠና ቤቱ በሴጌቶ የቆረጠ ይለያያል። ማሽኑ ፈጣን ነው፣ ቁመቱም እኩል ይወጣል፤ ነገር ግን ምላጩ ከደነዘ ጫፉን ያፍረከርከዋል። አናጺው እንጨት ላይ እንደለመደው ባንዴ እንዳይገፋው ንገሩት። እቤት የምትቆርጡ ደግሞ ቀጥ ያለ ወረቀት ካርቶኑ ላይ ጠምጥሙና ጠርዙና ጠርዙ ሲገጥም በእርሳስ አስምሩ፤ በመስመሩ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፣ ከዚያ ካርቶኑን እያንከባለላችሁ ዙሪያውን ቁረጡ። አንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ እስከ ታች አትቁረጡ። የእንጨት መጋዝ ጥርሱ ትልቅ ስለሆነ ይቦጭቃል፤ ሴጌቶ ይሻላል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ዳበስ።

ኮላ። የእንጨት ኮላ፣ ነጩ። ማስቲሽ ቶሎ ይይዛል፤ ሁለቱንም ወገን ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ አናፍሶ መጫን ነው። ግን አንዴ ከነካ ማስተካከል የለም፣ ሽታውም ያዞራል፣ እሳትም ይወዳል። ቡና እያፈላችሁ፣ ከሰሉ አጠገብ ማስቲሽ የምትከፍቱ ሰዎች አላችሁ፤ እባካችሁ ተዉ! የዱቄት ሙጫ ርካሽ ነው፤ አይጥና በረሮ ግን ግብዣ የተጠሩ ያህል ይመጡበታል።

ነጩ ኮላ እስኪደርቅ መያዣ ይፈልጋል። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ የተጣለ ካላማዳሪ ጠይቁ፤ በጣት ስፋት እየቆረጣችሁ እንደ ቀለበት ቅርጫቱን ዙሪያውን ብታስሩበት ከየትኛውም ገመድ ይበልጣል፣ እኩል ይጨምቃል። አንድ ሙሉ ቀን ሳትነኩት ይደር። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚልና ስለሚሞቅ ቶሎ ይደርቃል፤ ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ጉም ቤት ድረስ ሲገባ ሁለት ቀንም ሊፈጅ ይችላል። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር በክረምት ባትጀምሩት ይሻላል፤ ጥቅምት ነው ወሩ።

ለታቹ ጣውላ ከአናጺ ቤት የኮምፖንሳቶ ቁራጭ ጠይቁ። ቺፑድ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ካርቶን ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ ስለሆነ ኮላውን በትንሽ ውሃ አቅጥናችሁ ላይና ታች ጫፎቹን ቀቡ፣ ከደረቀ በኋላ ቫርኒሽ። የውሃ ቀለም በቀጥታ አትቀቡት።

መልክ ለሚያሳስባችሁ፦ የልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ መልበስ ይቻላል። የእኔ ምርጫ ግን በገበያ ቀን ስፌት ይዘው ከሚመጡት እናቶች አንዷን አነጋግሮ በአክርማና በአለላ ክዳን ብቻ ማሰፋት ነው። ልኩን በቃል አትንገሯቸው፣ ቅርጫቱን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ሙሉ ሙዳይ ከማሰፋት በብዙ ይረክሳል፣ በእጃቸው ዋጋ ግን አትከራከሩ።

ለጥያቄዎቻችሁ፦

"ልዋጭ በአሮጌ ልብስ የሚሰጠኝ ፕላስቲክ አይሻልም?" ለማጠቢያ ቦታ አዎ፣ ያለ ጥርጥር። ውሃ ባለበት ካርቶን አይግባ። ለካልሲ፣ ለሻሽ፣ ለክርና መርፌ ግን የካርቶኑ ይሻላል፤ ጠርዙ ላይ ያሉት 16 ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው ማስቀመጫ ናቸው።

"ሽንኩርትና ሽሮ ቢገባበትስ?" ሽንኩርት ደረቅ ከሆነ ይሁን። ሽሮ አይሆንም፣ አይጥ ካርቶኑን ከመብሳት አይመለስም።

"ጊዜ የለኝም፣ ተሠርቶ የሚሸጥ የት ነው?" አብሽሪ እህቴ፣ ተሠርቶ ሱቅ ላይ አላየሁም፤ ሁለት ካርቶን ይዘሽ ሰፈርሽ ያለ አናጺ ጋ ሂጂና ይህን አሳዪው፦ 16 ቁራጭ፣ ቁመት 15፣ ታቹ ኮምፖንሳቶ፣ በነጭ ኮላ። ቀብዱን ግማሽ ብቻ ስጪ፣ ቀሪውን ደግሞ ቅርጫቱን አንስተሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ እንደማይንገዳገድ ካየሽ በኋላ።