ለአኒሜ ነጥብ ስንሰጥ የምንመዝነው ሥራውን ነው ወይስ ደስታችንን?

ጥያቄ፦ ዝምተኛ ተመልካች

ለአንድ የአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ተከታታይ ከአሥር ነጥብ ስትሰጡ የምትመዝኑት በትክክል ምኑን እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። እኔ በዝርዝሬ ውስጥ ያሉ ሁለት ሥራዎችን ማስታረቅ አቅቶኛል። አንዱ ሴራው የላላ፣ ገጸ ባሕርያቱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፍል ምንም ለውጥ የማያሳዩበት የትምህርት ቤት ኮሜዲ ሲሆን፣ ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር እንደ አዲስ ያስቀኛል። ሌላው የታሪክ አወቃቀሩ የተዋጣለት፣ ሥዕሉና ሙዚቃውም እንከን የማይወጣለት ድራማ ነው፤ ይህን ሁሉ እያመንሁም ግን እያንዳንዱን ክፍል እንደ ግዴታ ቆጥሬ ነው የጨረስሁት። ለኮሜዲው 9፣ ለድራማው 6 ብሰጥ የተሰማኝን ተናገርሁ ማለት ነው፤ ነጥቤን አይቶ የሚመርጠውን ሰው ግን ያሳሳትሁት ይመስለኛል። ገልብጬ ብሰጥ ደግሞ ያልተሰማኝን አድናቆት የራሴ አስመስዬ ማቅረቤ ነው። ለመሆኑ ከግል ስሜት የጸዳ ዳኝነት የሚባል ነገር አለ? ካለስ በነጥቡ ውስጥ ምን ያህል ቦታ ሊኖረው ይገባል?

መልስ፦ ቁልፍ ሥዕል

ሌላ ተመልካች ዐይቶ ሊያረጋግጣቸው የሚችላቸው ነገሮች መኖራቸው አያጠራጥርም፤ ችግሩ እነዚህ ነገሮች ብቻቸውን ፍርድ አለመሆናቸው ነው። ለምሳሌ በፊልም አሠራር በአንድ ሰከንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ፤ የቴሌቪዥን አኒሜ ግን እ.ኤ.አ. በ1963 መታየት ከጀመረው ከኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ» ወዲህ፣ ወጪንና ጊዜን ለመቆጠብ አንዱን ሥዕል ለሁለት፣ ለሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለሚበልጡ ምስሎች እያቆየ መጠቀምን ልማድ አድርጎታል። ሥዕሎቹን መቁጠር ማንም ይችላል። «ሥዕሉ ጥቂት ስለሆነ ሥራው ደካማ ነው» የሚለው ድምዳሜ ግን ከቁጥሩ አይወጣም፤ የተካነ አኒሜተር በሰከንድ 8 ሥዕል የሣለው የውጊያ ትዕይንት ሊያስደነግጥ፣ ያልተካነው በ24 የሣለው ደግሞ ሊያሰለች ይችላልና።

ከዚህ የከበደ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓኑ ስቱዲዮ ኪዮቶ አኒሜሽን በ«ሃሩሂ ሱዙሚያ» ተከታታይ ውስጥ የአንድን የበጋ ዕረፍት የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት በስምንት ተከታታይ ክፍሎች ደጋግሞ አቀረበ። ታሪኩ ከሞላ ጎደል አንድ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ክፍል እንደገና ተሥሏል፤ የድምፅ ተዋናዮቹም እንደገና ተቀርጸዋል፤ የገጸ ባሕርያቱ ልብስና የካሜራው አቅጣጫም ከክፍል ክፍል ይለያያል። በታሪኩ ውስጥ ጊዜው ከ15 ሺህ ጊዜ በላይ ሲደጋገም ሁሉንም የምታስታውሰው አንዲት ገጸ ባሕርይ ብቻ ናት፤ የተመልካቹም መሰልቸት የእርሷን ሸክም በጥቂቱ እንዲቀምስ ያደርገዋል። ብዙ ተመልካቾች ግን ተቆጥተው ነበር። ይህን ሥራ «በሙያ 10፣ በደስታ 2» ብሎ መክፈል አይቻልም፤ መሰልቸቱ ራሱ የአሠራሩ መሣሪያ ነውና። እኔ 6 ሰጥቼዋለሁ፤ ሐሳቡ በአራት ክፍል ውስጥ በሚገባ ይደረስ ነበር ብዬ ስለማምን ነው። በዚህ የማይስማማ ሰው ቢያንስ የምንከራከረው ስለምን እንደሆነ ያውቃል።

መልስ፦ ሳቅ ይበቃኛል

እኔ የጠያቂውን ኮሜዲ ለመከላከል ነው የመጣሁት። እርስዎ ኮሜዲውን የዳኙት በድራማ መስፈርት ነው፤ ገጸ ባሕርያት እንዲለወጡና ሴራው እንዲጠብቅ የምንጠብቀው ከድራማ ሲሆን፣ ብዙ ኮሜዲዎች የሚያስቁት ግን ገጸ ባሕርያቱ ከስሕተታቸው ፈጽሞ ስለማይማሩ ነው። አንድ ቀልድ በተደጋጋሚ ሲታይ ካልሞተ፣ ከጀርባው በጥንቃቄ የተለካ ዝምታ፣ በትክክለኛዋ ቅጽበት የተቆረጠ ምስል፣ ንግግሩን መቼ ማፍጠንና መቼ ማዘግየት እንዳለበት የሚያውቅ የድምፅ ተዋናይ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሳቅዎ ከሥራው ጥራት ውጭ ያለ ነገር ሳይሆን ለጥራቱ ምስክር ነው።

ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ሥራው «ለእኔ ደስ ይላል» በሚለውና «ውብ ነው» በሚለው መካከል ልዩነት አድርጎ ነበር፤ ሁለተኛውን የሚናገር ሰው በማስረጃ ሊያስገድደን ባይችልም ሌሎቻችንም እንድንስማማ ይጠብቃል። ነጥብ ስንሰጥ ከሁለቱ የትኛውን እየተናገርን እንደሆነ ብናውቅ ከክርክራችን አብዛኛው ይቀላል ባይ ነኝ። (ያም ሆኖ «ደስ ይላል» ብቻ የሚሉ ግምገማዎች፣ ሳይወዱ «ድንቅ ሥራ» ከሚሉት ይልቅ ጠቅመውኛል።)

መልስ፦ የአማካይ ሒሳብ

ነጥብዎ ሌላውን ሰው ያሳስት ይሆን ብለው የሚጨነቁትን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። ተመልካቾች ያዩትን አኒሜ መዝግበው ነጥብ በሚሰጡበት ድረ ገጽ በማይአኒሜሊስት ላይ የሚታየው ቁጥር ተራ አማካይ አይደለም፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነጥብ የሰጡበት ሥራ ወደ አጠቃላዩ አማካይ እንዲሳብ ተደርጎ የሚሰላ ነው። ሌላው እንዲህ ያለ ድረ ገጽ አኒሊስት ደግሞ ተጠቃሚው ከ100፣ ከ10 ወይም ከአምስት ኮከብ እንዲመርጥ፣ ሲሻውም በሦስት የፊት ምልክቶች ብቻ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። መለኪያው ራሱ ይህን ያህል የተለያየ ሲሆን የአንድ ሰው 9 እና 6 ብቻቸውን ብዙ አይናገሩም።

ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚገባው የድምፅ ሰጪዎቹ ማንነት ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያልወደደ ሰው ሁለተኛውን ስለማያየው፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ነጥብ የሚያገኘው ከወዳጆቹ ብቻ ነው፤ በዚህም ሥራው ሳይሻሻል ነጥቡ ከፍ ሊል ይችላል። እንግዲህ «ከግል ስሜት የጸዳ» እየተባለ የሚጠቀሰው የጋራ ቁጥር የብዙ ግላዊ ምርጫዎች ድምር ነው።

ጠያቂው በድጋሚ፦ ዝምተኛ ተመልካች

ስለ ኮሜዲው አሳምናችሁኛል፤ 9 ይቀጥላል። ድራማው ግን አሁንም ያስቸግረኛል፤ የእኔ መሰልቸት የሥራው ጉድለት ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ ቁልፍ ሥዕል

የሰለቸዎት ከየት ጀምሮ እንደሆነ ለማስታወስ ይሞክሩ። ከመሐል ጀምሮ ከሆነ ምናልባት ታሪኩ አንድን ግጭት ከሚገባው በላይ አራዝሞታል፤ ይህም ክፍሉን ጠቅሰው ሊያሳዩት የሚችሉት ጉድለት ስለሆነ ከነጥቡ ያለ ጭንቀት ይቀንሱ። ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ከሆነ ግን የዘውጉ ወዳጅ ላይሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያሉ ሥራዎችን እኔ «ታይቶ ተጠናቀቀ» ብዬ መዝግቤ የነጥቡን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ፤ ዝርዝሩ ይህን ይፈቅዳል።