ስንዝር ለምታህል ገጸ ባሕርይ ሚዛን አጣሁላት

እንዴት ናችሁ ወገኖች? ደሴ ላይ ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ይዘው በዳይስ የሚጫወቱትን የጠረጴዛ ጨዋታ፣ 5ኛ እትም (የ2014ቱን) እመራለሁ። አንዷ ተጫዋች ቁመቷ ከስንዝር እምብዛም የማይበልጥ ሌባ ይዛ መጥታለች። መከልከል አልፈልግም፤ ግን ሕጉ አላግዝ አለኝ።

በሕጉ እጅግ ትንሽ ፍጡር የምትይዘው ቦታ 2.5 በ2.5 ጫማ ነው፤ በመካከለኛ (ሰው በሚያህል) ጠላት መሃልም ሾልካ ታልፋለች። የመሸከም አቅሟ በግማሽ ይቀንሳል። ጉልበቷ 8 ስለሆነ 8 × 15 = 120 ፓውንድ፣ ግማሹ 60። 27 ኪሎ ጤፍ ተሸክማ የጦሳን ተራራ ልትወጣ ነው እኮ!

የጩቤዋን ጉዳት ከባለ 4 ገጽ ዳይስ ወደ 1 ነጥብ ባወርደውም ለውጥ የለውም። የሚቀንሰው በአማካይ 1.5 ነጥብ ሲሆን በ5ኛ ደረጃ የድብቅ ጥቃቷ በባለ 6 ገጽ ዳይስ 3 ጊዜ ተጥሎ ይደመራል፣ በአማካይ 10.5። ቅነሳው የሚጎዳው ተዋጊ ብትሆን ነበር።

ዋናው ራስ ምታት ጋቢው ነው። ቡድኗ ውስጥ ባለው ተዋጊ ጋቢ እጥፋት ውስጥ ተሸሽጋ ብቅ ትላለች፣ ትወጋለች፣ በዚያው ተራ ተመልሳ ትደበቃለች። ሙሉ ከለላ አላት፤ ሳትታይ ስለምትወጋም ሁሌ ብልጫ አላት፣ ማለትም ሁለት ዳይስ ጥላ ትልቁን ትወስዳለች።

ያሰብኩት፦ መግባትም ሆነ መውጣት እንደ ፈረስ መውጣት የእንቅስቃሴዋን ግማሽ ይብላ፤ ተሸካሚዋን የእሳት ኳስ ካገኘው እሷም የማምለጫ ዳይስ ትጣል። ይበቃል? ወይስ ከአንድ እጥፋት ደጋግማ ስትወጋ ብልጫው ይቅርባት? በበር ስር ሾልካ ብቻዋን ስትሰልልስ ሌሎቹን ምን ላድርጋቸው? የሞከራችሁት ካለ ቁጥሩን ጻፉልኝ።