ጅማ ውስጥ የ16 ሰው የፊፋ 19 ውድድር በ2 ፒኤስ4 (የጌም ማሽን) በአንድ ቀን ያልቃል?

አዌቱ፦ ሰላም ልጆች። ፈረንጅ አራዳ ጌም ቤት ውስጥ ነው። ምድብ ይሻላል ወይስ በቀጥታ ጥሎ ማለፍ? መብራት ቢሄድስ?

ጅሬን፦ አስላው። 4 ምድብ ካልክ የምድቡ ብቻ 24 ጨዋታ ነው፤ ከየምድቡ 2 ሲያልፉ 7 ይጨመራል፣ በድምሩ 31። አጋማሹን 6 ደቂቃ ብታደርገው ከቡድን መረጣ ጋር አንዱ 15 ደቂቃ ይበላል፤ በ2 ማሽን 4 ሰዓት ገደማ። ጥሎ ማለፍ 15 ጨዋታ ብቻ ነው፣ ግን 8 ልጅ አንዴ ተጫውቶ ይሸኛል። ማን ከፍሎ ይመጣል? ምድብ ይሁን።

ጆይስቲክ፦ ጸብ የሚነሳው ከሴቲንግ ነው። ታክቲካል ዲፌንዲንግ (ራስህ ጊዜውን ጠብቀህ የምትቀማበት መከላከያ) ብቻ ብለህ ቀድመህ አሳውቅ፤ በሌጋሲ (በድሮው የመከላከያ ሴቲንግ) ኤክስን ተጭኖ መያዝ ብቻ ኳስ ያስቀማል። ምስሉ እንዳይዘገይ ቲቪውን ጌም ሞድ ላይ አድርገው።

መብራት ሲሄድ ጨዋታው ሴቭ አይሆንም፤ ጎል በገባ ቁጥር ውጤትና ደቂቃ ወረቀት ላይ ጻፍ። ማሽኑ አልነሳ ካለ አጥፍተህ ፓወሩን ሁለተኛ ጢጥ እስኪል፣ 7 ሰከንድ ገደማ፣ ተጭነህ ያዝ። ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ኬብል አገናኝና ከሚመጣው የሴፍ ሞድ ዝርዝር 5ኛውን (ሪቢልድ ዳታቤዝ) ምረጥ፤ ጌም አይሰርዝም። 6 እና 7ን እንዳትነካ፣ ሁሉንም ያጠፋሉ።

አዌቱ፦ ኬብሉ የስልክ ቢሆንስ?

ጆይስቲክ፦ ዳታ የሚያስተላልፍ ከሆነ ይሰራል። ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው ግን አይሰራም።