ሳልምል ጫማ መሸጥ አቃተኝ፣ ምን ላድርግ?

የጫማ ቤቱ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል፣ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

መርካቶ ጫማ ቤት ተቀጥሬ ነው የምሠራው፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። ስድስት ዓመቴ ነው። አሠሪዬ መነሻ ዋጋ ይነግረኛል፣ ከዚያ በላይ ከሸጥኩ ድርሻ አለኝ። መርካቶ የገዛችሁ ታውቁታላችሁ። ደንበኛ ይገባል፣ ጫማውን ይለካል፣ ያገላብጣል፣ «መጨረሻው ስንት ነው?» ይላል። 3,200 እላለሁ። «በ2,000 አድርገው» ይላል። ያኔ አፌ ሳላስበው «ማርያምን እንኳን በ2,000 በ2,800ም አልገባም!» ይላል። ጫማው የገባው በ1,700 ነው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰባኪው ስለ ዐሠርቱ ትእዛዛት አስተማረ። ሲዘረዝራቸው አትግደል፣ አታመንዝር ላይ ደረቴን ነፍቼ ነበር የቆምኩት። ከዚያ ወደኋላ ተመልሶ ሁለተኛውን፣ «የእግዚአብሔር የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለውን ማብራራት ሲጀምር ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን የሚያይ መሰለኝ። ሰኞ ዕለት በቀን ስንት ጊዜ እንደምምል ልቁጠር ብዬ ጀመርኩ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ 20 ሞላና ተውኩት።

ማክሰኞ «ማርያምን ሁለተኛ አልምልም!» አልኩ። አዎ፣ ላለመማል ማልኩ። ሐሙስ አፈረስኩት።

ጓደኛዬ ደግሞ «ትእዛዙ የእግዚአብሔርን ስም ነው የሚለው፣ አንተ የምትምለው በማርያምና በጊዮርጊስ ነው፣ ምን አስጨነቀህ» ይለኛል። እውነቱን ነው? ደግሞስ የምምልበት ነገር እውነት ከሆነስ? አንዳንዴ እኮ እውነቴን ነው የምምለው (አልፎ አልፎ)። ዋናው ግን ይህን ትእዛዝ ጠብቆ መርካቶ ውስጥ እንጀራ የሚበላ ሰው አለ ወይ? አሠሪዬን ሳማክረው «ማል እንጂ ምን ቸገረህ፣ ማርያም የድሃ እናት ናት ትረዳሃለች» አለኝ።

ሰንበት ተማሪ 6 ኪሎ

ወንድሜ ጓደኛህ ጠበቃ መሆን ነበረበት። እሱ ያገኘውን ቀዳዳ ፈሪሳውያን ቀድመውት አግኝተውታል። ማቴዎስ 23ን አንብብ። በቤተ መቅደስ የማለ ምንም የለበትም፣ በቤተ መቅደሱ ወርቅ የማለ ግን ይያዛል እያሉ መሐላውን ደረጃ በደረጃ ከፋፍለውት ነበር፣ የሚያስይዝና የማያስይዝ ብለው። ጌታ «ዕውሮች መሪዎች» ያላቸው እዚያ ላይ ነው። ምዕራፍ 5 ላይም በሰማይ አትማሉ ዙፋኑ ነው፣ በምድርም አትማሉ የእግሩ መረገጫ ናት፣ በራስህም አትማል አንዲት ፀጉር ነጭ ወይም ጥቁር ማድረግ አትችልም ይላል። ሁሉም የእሱ ስለሆነ በምንም ብትምል ዞሮ እሱ ጋ ይደርሳል። እና የእናቱን ስም ለጫማ ዋጋ ስትጠራ የማይደርስ ይመስልሃል?

እውነት ከሆነስ ላልከው፣ እዚህ ላይ ነገሩ ጠንከር ይላል። ብሉይ ኪዳን ውስጥ መሐላ አለ፣ ኦሪት ዘዳግም ራሱ በስሙ ማል ይላል። ዕብራውያን ላይም ሰዎች ከእነሱ በሚበልጠው ይምላሉ፣ ለክርክርም ማብቂያ ይሆናል ተብሏል። ስለዚህ መሐላ ድሮም ከባድ ነገር ነበር፣ ሌላ መፍትሔ ሲጠፋ የሚወጣ። ወንጌል መጥቶ ከዚያ ከፍ አደረገው፣ ቃልህ አዎን ከሆነ አዎን ይሁን አለ። የምታወራው ሁሉ እውነት ከሆነ ማርያም ለምን ዋስ ትሁንህ? ዋስ የሚጠራው እኮ የማይታመን ሰው ነው። በየቀኑ 20 ዋስ የሚጠራ ነጋዴ ሳይጠይቁት ራሱ ላይ እየመሰከረ ነው። ሲራክም አፍህን መሐላ አታስለምደው ይላል፣ ያንተ ችግር ደግሞ ልማድ ነው፣ ሳታስበው ይወጣል አልክ።

የ1,700ውን ጫማ 2,800 ያልከው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ያለ መሐላም ውሸት ነው። ማርያምን ስለተውክ ብቻ የሚጸዳ እንዳይመስልህ።

ላለመማል የማልከውን ንስሐ አባትህ ጋ ሂድና ንገራቸው። እኔ ቀኖና አልሰጥም፣ ሳቄን ግን አልደብቅህም 😂

ኮተቤ የምኖር ጴንጤ

እኛ ጋ ሦስተኛው ትእዛዝ ነው፣ የተቀረጸ ምስል የሚለውን ለብቻው ስለምንቆጥር። ጭቅጭቅ አልጀምርም፣ ቁጥሩ ቢለያይም ቃሉ አንድ ነው።

እውነቱን ልናገርና እኛም ንጹሕ አይደለንም። «ማርያምን» ስንሰማ ፊታችንን እናዞራለን፣ ከዚያ ስልክ አንስተን «ጌታን ደርሻለሁ፣ ሜክሲኮ ነኝ» እንላለን ገና ከቤት ሳንወጣ። ያንተው ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የቀየርነው።

በትእዛዝ አንድንም፣ በጸጋ ነው የምንድነው እንላለን፣ ልክ ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን እዚያው ላይ እንቆማለን። «ብትወዱኝ ትእዛዜን ጠብቁ» ያለውም እኮ እሱ ራሱ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስታውስ፣ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ሲክድ ሁለተኛው ላይ «አላውቀውም» ብቻ አላለም፣ ማለ። ሦስተኛው ላይ ይራገምና ይምል ጀመር፣ ዶሮውም ወዲያው ጮኸ። ሰው ውሸቱ እየተነቃበት ሲሄድ ነው መሐላው የሚበዛው። እሱ ከተመለሰ አንተም ትመለሳለህ፣ አይዞህ።

ገዢ ነኝ

ለምን ሁላችሁም ሻጩ ላይ ትወርዳላችሁ? ባለፈው ሳምንት ለልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ልገዛ መርካቶ ገብቼ ልጁ ዝም ብሎ ዋጋ ነገረኝ፣ አልማለም፣ አልለመነም። ምን አልኩት መሰላችሁ፣ «ማርያምን በል!» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። አመነታ፣ አየኝና «ማርያምን» አለ ቀስ ብሎ። ያኔ ተረጋግቼ ከፈልኩ። አሁን ይህን ሳነብ ነው ያፈርኩት። ልጁን ለ50 ብር ቅናሽ አስማልኩት ማለት ነው፣ ቅናሹንም አላገኘሁም።

እኛ ሳንማል ስለማናምናቸው ነው እነሱም የሚምሉት።

አራዳ ያደግሁ

ልጄ፣ ይህ የዛሬ ነገር አይደለም። በእኛ ዘመን «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ነበር የሚባለው፣ አባቶቻችን ደግሞ «ምኒልክ ይሙት» ይሉ ነበር። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ተያይዞ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። ቃሉ ክብደት ነበረው፣ በውሸት የማለ ሰው ቤቱ ላይ መዓት ይመጣል ተብሎ ይፈራ ነበር። አሁን ክብደቱ ጠፋ፣ ቃሉ ግን ቀረ፣ እንደ ባዶ ጠርሙስ።

ገበያው ራሱ ድሮ እዚሁ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፣ ጣሊያን ነው በወረራው ጊዜ ወደዚያ ወደ መርካቶ ያዛወረው። እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሰዉ ገበያውን ወደየትም ቢወስዱት ጊዮርጊስን ይዞት መሄዱ ነው፣ ለመማያ።

ጎረቤት ሱቅ፣ በአንዋር በኩል

አሰላሙ አለይኩም። በክርስቲያኖች ጥያቄ መሃል ገባሁ፣ ይቅርታ፣ ግን ግድግዳ ነው የምንጋራው። እኛም ጋ ያው ነው፣ «ወላሂ» ከጠዋት እስከ ማታ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መሐላ ዕቃውን ያሸጣል፣ በረካውን ግን ያጠፋል ብለዋል። እኔ ይህን ሰምቼ አራት ዓመት ሆነኝ ካቆምኩ።

የሠራልኝን ልንገርህ። «ስንት ገባ?» ሲሉኝ «የገባበትን አልነግርህም፣ የምሸጥበት ይህ ነው» እላለሁ። በቃ። የገዛህበትን የመናገር ግዴታ የለብህም እኮ፣ መዋሸት ነው የተከለከለው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ወር ገበያዬ ቀዘቀዘ፣ አልዋሽህም። አንዳንዱ «ኩሩ ነህ» ብሎ ይወጣል። ከዚያ ግን ልጅ ልከው ዋጋ ሳይጠይቁ የሚገዙ ደንበኞች መጡልኝ። እኔ ግን የራሴ ሱቅ ነው። አንተ ተቀጣሪ ነህ፣ ያንተ ይከብዳል።

የጫማ ቤቱ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ አራዳ፣ እርስዎ ያሉት ባዶ ጠርሙስ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጎረቤቴ፣ የትኛው ሱቅ እንደሆንክ ገምቻለሁ 😄

ዛሬ ሞከርኩት። አንዲት እናት ገቡ፣ «ስንት ገባ?» አሉ፣ «እሱን አልነግርዎትም እማማ፣ የምሸጠው በዚህ ነው» አልኩ። ትኩር ብለው አዩኝና «ምን ዓይነቱ ጥጋበኛ ነው!» ብለው ወጡ። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ልጅ ግን ሳይከራከር ገዛ፣ በ2,400። አሠሪዬ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ባለፈው ሳምንት 3,000 የሸጥከውን ጫማ?» አለ፣ ሌላ ምንም አላለም። አሁን በዚህ ከቀጠልኩ ድርሻዬ ግማሽ ይሆናል ማለት ነው፣ የቤት ኪራይ ደግሞ ግማሽ አይሆንም። እስካሁን የሸወድኳቸውንማ እንደ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ልመልስ ብል ሱቁን ከነአሠሪዬ ብሸጥም አይበቃኝ።

ንስሐ አባቴ ቅዳሜ ና ብለውኛል። ነገ 21 ነው፣ አሠሪዬም እንደወትሮው ጠዋት ማርያምን ተሳልሞ ነው ሱቅ የሚገባው። እዚያ ቆሞ ስለ እኔ ምን እንደሚላት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።