«ሃያተስ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? አንድ ቃል ይበቃዋል?

አስተርጓሚዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ሜሪላንድ የሐኪም ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ደረሱኝ፣ ሰባን ያለፉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ። ሐኪሙ ውጤቱን አየና «ሃያታል ኸርኒያ» አለ። እኔ ደግሞ ፈጥኜ ኸርኒያውን «ቡአ» አልኩት። እማማ ቀና ብለው «ልጄ፣ ቡአ የወንድ በሽታ አይደል እንዴ?» አሉ። ደንግጬ «ማለቴ፣ በደረትዎና በሆድዎ መሃል ክፍተት አለ» አልኩ። ጭራሽ ባሰ። «ተቀደድኩ በይኛ!» ብለው ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቤት ገብቼ «ሃያታል» የመጣበትን የእንግሊዝኛ ቃል፣ «ሃያተስ» የሚለውን፣ መዝገበ ቃላት ላይ ሳይ ክፍተት፣ ቀዳዳ፣ መቋረጥ፣ እረፍት፣ ሁሉም ተደርድሯል። እና ጥያቄዬ፣ እንዲህ ላለው ቃል አንድ ቁርጥ ያለ አማርኛ ይውጣለት ወይስ በየሙያው ይለያይ? ወይስ እንዳለ «ሃያተስ» ብለን እንገላገል?

ጉራማይሌ ጠሉ፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? ክፍተት ነው፣ አለቀ። አንዱ መጽሐፍ ክፍተት፣ ሌላው መቋረጥ፣ ሦስተኛው ፋታ ካለ ተማሪው ሦስት የተለያየ ነገር ይመስለዋል። አብዮትንና ምጣኔ ሀብትን ያወጣ ቋንቋ ለአንድ ቀዳዳ ቃል አያጣም።

ዶክተሩ፦ ወንድሜ፣ ምጣኔ ሀብት አልክ እንጂ ሰው ሁሉ ኢኮኖሚ እያለ ነው። ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ የእማማ ድንጋጤ ቃሉ ራሱ ያመጣው ነው። ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም የምንለው፣ ትልልቅ ማለፊያዎች አሉት። የምግብ ቧንቧው በአንዱ ያልፋል፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ደግሞ በሌላው። እነዚህ ሁለቱ ናቸው በላቲኑ ሃያተስ የሚባሉት። ያለ እነሱ እንጀራው ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ አይደርስም። በሽታ የሚሆነው ማለፊያው ሰፍቶ የጨጓራ ጫፍ ወደ ላይ ሾልኮ ሲወጣ ነው፣ ያኔም ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ይኖራል፣ የሚሰማው ደግሞ ባብዛኛው ቃር ነው። «ክፍተት አለብዎት» ስትያቸው ግን ጤነኛውን ነገር በሽታ አደረግሽባቸው። ክፍተት በአማርኛ የጉድለት ሽታ አለው። «የአሠራር ክፍተት» ሲባል ማን ደስ ይለዋል?

ድንጋይ ወዳዱ፦ እኔ ጋ፣ በሥነ ምድር፣ ደግሞ ጭራሽ ክፍተት የሚባል ነገር የለም። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የወረደ ሰው ያውቃል፣ አፋፉ ላይ ባዛልት፣ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ፣ ነው፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ታች እንደገና አሸዋ ድንጋይ። የላዩ ባዛልት ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የተኛበት ድንጋይ የዳይኖሰር ዘመን ነው። በመሃላቸው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ጠፍቷል፣ ወይ ያኔ የተከመረ ነገር አልነበረም፣ ወይ ተከምሮ ታጥቦ ሄዷል። እኛ ሃያተስ የምንለው ያንን የጠፋ ጊዜ ነው። ድንጋዮቹማ ተጣብቀው ነው ያሉት፣ ምላጭ አታስገባም! ተማሪ ይዤ ብወርድና «ክፍተቱን አሳዩኝ» ብል ሁሉም ስንጥቅ ፍለጋ ነው የሚሄደው። እኔ «የጎደለ ዘመን» እላለሁ።

ጉራማይሌ ጠሉ፦ ይኸው፣ ሁለት ባለሙያ ሁለት ቃል። ነገ አሥር ይሆናል።

የኔታ፦ እኔ ደግሞ ሦስተኛ ልጨምርልህ፣ አትቆጣ። በሰዋስው ሃያተስ ማለት ሁለት አናባቢ መሃላቸው ተነባቢ ሳይገባ ሲገጣጠሙ ነው። ልብ በል፣ እዚህ ነገሩ መራራቅ ሳይሆን መነካካት ነው። የላቲኑ ሥር አፍን መክፈት፣ ማዛጋትም ጭምር ነውና አፉ ከአንዱ አናባቢ ወደ ሌላው ሳይዘጋ ስለሚያልፍ ነው። አማርኛ ይህን አይወድም። «ለ» እና «እኔ» ሲገናኙ አንዱን ውጦ «ለኔ» ይላል። «የ» እና «አገር» «ያገር» ይሆናሉ። መዋጥ ካልፈለገ ድልድይ ያስገባል፣ ገበሬ ላይ «ኦች» ሲመጣ «ው»ን ጣልቃ አግብቶ ገበሬዎች ይላል። ውሻ ላይ ሁለቱንም ታገኛለህ፣ ውሾችም ውሻዎችም። «በዓል»ንም ተመልከት። ትግርኛ «ዐ»ን ዛሬም ከጉሮሮው ያወጣታል፣ አማርኛ ድምፅዋን ጣላትና ፊደሏን ብቻ አስቀረ። ስለዚህ ፈጠን ብሎ የሚናገር ሰው «መልካም ባል» ይልሃል። ላላገባች ልጅ ምርቃት ነው፣ ላገባችው ግን እንጃ።

አስተርጓሚዋ፦ 😂 የኔታ ገደሉኝ።

ፊልም ተርጓሚው፦ እኛ ሰፈር ቀላል ነው። ተከታታይ ፊልም ሲቋረጥ «ፋታ ላይ ነው» እላለሁ። ተመልሶ እንደሚመጣ «ፋታ» ራሱ ይናገራል። «ተቋረጠ» ብል ሰው ተስፋ ይቆርጣል።

ዶክተሩ፦ አየህ፣ የቃል ምርጫ ጉዳት አለው። የአየር ንብረት ነገር ትዝ አለኝ፣ ከ1998 እስከ 2012 በፈረንጆቹ የምድር ገጽ ሙቀት ጭማሪው ቀንሶ ነበርና የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ቡድን በ2013 ሪፖርቱ ሃያተስ ብሎ ጻፈው። ውቅያኖሱ ግን ሙቀቱን መጠጣቱን አላቆመም። ቃሉን የወደደው «ሙቀቱ ቆመ» የሚለው ወገን ነው፣ ሳይንቲስቶቹም በኋላ በቃሉ ራሱ ተጨቃጨቁበት። በእንግሊዝኛው እንኳ አንድ ቃል ይህን ያህል ካወዛገበ፣ እኛ አንዱን መርጠን ሁሉም ላይ እንለጥፍ?

ጉራማይሌ ጠሉ፦ እሺ፣ መንኮራኩርስ? በግዕዙ የሠረገላ ጎማ ነበር፣ ዛሬ ጨረቃ ይሄዳል። ሕዝብ ከለመደው አንድ ቃል ሁሉን ይሸከማል።

የኔታ፦ መንኮራኩር አዲስ ዕቃ ስለመጣ ሥራ ቀየረ። ክፍተት ግን በየቀኑ በሥራ ላይ ያለ ቃል ነው። ከሥራው ሳታስለቅቀው ሌላ አራት ሥራ ትጨምርበታለህ እንዴ? «ሃያተስ» ብሎ መተዉንም አልወደውም፣ እማማ ያን ሰምተው ምን ሊገባቸው?

አስተርጓሚዋ፦ መጨረሻውን ሳልነግራችሁ። ያን ቀን ሐኪሙ ነገሩን ሲያይ ወረቀት አወጣና ጡንቻውን፣ ቧንቧውን፣ ጨጓራውን ሣለላቸው። እኔም «ምግብ የሚያልፍበት ማለፊያ ነው፣ ሁሉም ሰው አለው፣ የእርስዎ ትንሽ ሰፋ» አልኳቸው። ወረቀቱን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው ካዩ በኋላ «ታዲያ በር ነዋ! በሩ ላላ በይኝ እንጂ ምን ታስደነግጪኛለሽ?» አሉኝ። የሸዋ ሰው ናቸው፣ ተራራ መሃል ያለውን ማለፊያ እንደ ጣርማ በር «በር» ብለው ነው ያደጉት።

ዶክተሩ፦ ከነገ ጀምሮ «በር» ነው የምለው። ሰረቅኳቸው።

ጉራማይሌ ጠሉ፦ በር ደህና ነው፣ አልክድም። ለድንጋዩም ይሁና?

ድንጋይ ወዳዱ፦ የቱን በር? ድንጋዩ ተዘግቷል አልኩህ እኮ።