የአያቴ ስድስት ጎራሽ ነክሳ ቀረች! ለሚያዝያ 27 እንድትደርስ እርዱኝ

የቡልጋዋ
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አያቴ በአርበኝነት ዘመን ከጣሊያን የማረኳት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለችን። ለአርበኞች ቀን ከፎቷቸው አጠገብ እናስቀምጣት ብለን ከሣጥን አወጣናት። ወንድሜ በላምባ ሲወለውላት የሚሽከረከረው የጥይት ቤት መሃል ላይ ነክሶ ቀረ፤ ወደዚህም ወደዚያም አይልም። ዕቃዋም የተደበላለቀ ነው። አካሏ ላይ ያለው ቁጥርና የጥይት ቤቱ ቁጥር አይገናኝም፤ የእጀታዋ አንዱ ጎን የፈረንጅ እንጨት፣ ሌላው በእጅ የተጠረበ ዋንዛ። ዝገቷን አስለቅቄ፣ ኒኬል አስነክሬ፣ ትክክለኛውን እጀታ ገዝቼ አዲስ ላስመስላት ነው የምፈልገው። ከየት ይገኛል?

የጋራዥ ልጅ
ኮካ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አሳድሪያት። ጠዋት መስታወት ሆና ታገኛታለሽ።

ሻምበል (ጡረታ)
ልጄ፣ ጥይት ይኑርባት አይኑርባት አልጻፍሽም። ከሁሉም በፊት እሱ ነው። አፈሙዟን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ፣ ጣት ወደ ምላጩ ሳይጠጋ፣ በባትሪ መብራት ከጎን ተመልከቱ፤ በጥይት ቤቱና ከኋላው ባለው ብረት መካከል ቀጭን ክፍተት አለ። እዚያ የቀለህ ጠርዝ ከታየ አትንኳት፣ ለፖሊስ ደውሉ። የድሮ ጥይት አርጅቷል ተብሎ አይታመንም። ምንም ካልታየም፣ የሚያውቅ ሰው እስኪያረጋግጥ ድረስ እንደጎረሰች ቁጠሯት። ፈቃዷስ? በአዋጅ 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል፤ የአያት ነው ማለት ብቻውን አያድንም።

አራዳው
አያትሽ ሲማርኳት ቁጥሯን አላመሳከሩማ! ጣሊያኑም ደረሰኝ አልቆረጠላቸውም።

ታሪክ ወዳድ
እህቴ፣ አነጋገርሽ ቦዴዮ የሚባለውን ሽጉጥ ያስመስለኛል። የጣሊያን ጦር እ.ኤ.አ. በ1889 የተቀበለው፣ ባለ 10.35 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። ምላጯ ወደፊት የምትታጠፍና የምላጭ ቀለበት የሌላት ከሆነች ለተራ ወታደር የተሠራች ናት፤ ቀለበት ካላት የመኮንን። ጥይቷ በቀኝ በኩል ባለችው ትንሽ በር አንድ በአንድ ይገባል። ብሬሻ ከተማ ውስጥ የተለያዩ ፋብሪካዎች ሠርተዋታል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስፔን ውስጥም ተሠርታለች። አካሏ ላይ የፋብሪካ ስምና ዓመት ተመትቶ ይሆናል፤ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልን። አምስቱን ዓመት ጫካ የከረመ አርበኛ መለዋወጫ የሚያዝበት ሱቅ አልነበረውም፤ የተሰበረውን ከሌላ ምርኮ እየነቀለ ይተካ ነበር። ስለዚህ የቁጥሩ አለመገናኘት አያስደንግጥሽ።

የጋራዥ ልጅ
ካልሆነ ሎሚ በጨው። ኮካው ግን ይሻላል።

ብረት ሠሪው
ኮካም ሎሚም አሲድ ነው። ቀዩን ዝገት ብቻ ሳይሆን ጤነኛውን ብረትና የተመታውን ቁጥር ይበላል። አታድርጊው!
የነከሰው፣ ላምባው ያነሣው ዝገትና የደረቀ ቅባት የጥይት ቤቱ የሚዞርበት ዘንግ ውስጥ ገብቶ ይመስለኛል። ሻምበል ያሉት ተጣርቶ ባዶ መሆኗ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ቀጭን የማሽን ዘይት በዘንጉ በሁለቱም ጫፍ ጠብ አድርገሽ ለቀናት ተያት። መዶሻ የለም፣ እሳት የለም፣ በፒንሳ መጠምዘዝ የለም። እሺ ካላለች እንደነከሰች ትቀመጥ፤ ለእይታ እንጂ ለተኩስ አይደለችም። ብሎኖቿን በቤት ካቻቢቴ አትንኩ፤ የብሎኑ ስንጥቅ ጠባብ ነው፣ ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ ከንፈሩን ይገምጠዋል፣ ያ ደግሞ አይመለስም።
ዝገቱን በተመለከተ፣ ቀዩና የሚፈረፈረው ነው የሚበላት። እሱን ዘይት በነካ ጨርቅና በለስላሳ የነሐስ ብሩሽ ቀስ እያልሽ አንሺ። ጥቁርና ቡናማ የሆነው ይቆይ። ብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነኪያት። ኒኬል ለመንከር መጀመሪያ ትሞረዳለች፤ ጽሑፏ ያኔ ይጠፋል።

የቡልጋዋ
አመሰግናለሁ። ክፍተቱን አየን፣ ምንም አይታይም፤ ግን ሻምበል እንዳሉት አልነካናትም። ምላጯ ትታጠፋለች! እናቴ ግን የተለያየ እጀታ ይዛ እንግዳ ፊት መቅረቧ ያሳፍራል ትላለች።

ታሪክ ወዳድ
እናታችንን ይቅርታ ጠይቂልኝና፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ያቺን ዋንዛ ማን ጠረባት? አያትሽ ወይም የሠፈራቸው አናጢ መሆን አለበት። የጣሊያኑ እጀታ በገበያ ይገኝ ይሆናል፣ ይህችኛዋ ግን የትም የለችም። ከጣልሻት የቤታችሁ ታሪክ የተጻፈበትን ጎን ጥለሽ የፋብሪካውን አስቀረሽ ማለት ነው።

ወይዘሮ አልማዝ
ከቆዳ ማህደሯ አውጥተሽ አስቀምጪያት ልጄ፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። በባዶ እጅም አትነካካ፣ ላብ ያዝጋታል።

የጋራዥ ልጅ
ዘይት ከሆነ የሞተር ዘይት ይሆናል?

ብረት ሠሪው
አይሆንም፣ ይወፍራል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ግዢ።

ሻምበል (ጡረታ)
የቡልጋዋ፣ የፈቃዱን ነገር አልመለስሽልኝም። በዓሉ ሳይደርስ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አሳውቁ፤ መሣሪያዋን ይዛችሁ ሳይሆን፣ በቃል።

ከመንዝ
እኔም ቤት አፈሙዙ የተሰነጠቀ ውጅግራ የሚባል የድሮ ጠመንጃ አለ፣ ሰደፉ በሽቦ የታሰረ። ሽቦውን ልፍታው ወይስ ይቆይ?

ብረት ሠሪው
ይቆይ። መጀመሪያ ፎቶ ላክ።